የተሰነጠቀ የፓምፕ ቤት እንዴት ይጠገናል? ከጅማ ብየዳ ቤት እስከ ሪአክተር ክዳን

ጥቅምት ሲገባ ጅማ ላይ የብየዳ ቤት ሥራ ይቀየራል። በርና መስኮት ወደ ጎን ይባላል። ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ በኩል የቡና ማጠቢያ ዕቃ ይጎርፋል። መፈልፈያ፣ ፑሌጃ፣ የኩሽኔታ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውሃ ፓምፕ። እሸት ቡና ቀጠሮ አያውቅም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ክምሩ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ፓምፕ የተሰነጠቀበት ሰው ወደ እኛ የሚመጣው እየሮጠ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ሰዓት ነው። የተሰነጠቀ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ፓምፕ ቤት፣ ማለትም ውሃውን የሚይዘው የፓምፑ የውጭ አካል፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ፣ ከምን ተነስታችሁ ወዴት እንደምትሄዱ።

ሪአክተር፣ የኑክሌር ማመንጫ እምብርት የሆነው ትልቅ የብረት ዕቃ፣ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ? በመስከረም 2018 ኢትዮጵያ ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረመች። አንድ ተለማማጄ ዜናውን ሰምቶ መጣና «ጋሼ፣ እሱ ነገር ቢሰነጠቅ ማን ይበይደዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ነገር የራሴን ሥራ አስተካከለልኝ። የሪአክተር ጠጋኞች እሳት የሚያነሱት መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ እሳቱ ይቀድማል። ልዩነቱ ያ ነው፣ ብዙ ብየዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የሚመጣውም በዚያ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ፦ ይህ ዕቃ ይጠገናል ወይ?

ሁሉም ነገር አይጠገንም። የጋዝ ሲሊንደር፣ የኮምፕረሰር ታንከር፣ የእንፋሎት ቦይለር፣ የመኪና ፍሬንና መሪ ላይ ያለ ጊዛ ወይም ብረት ከተሰነጠቀ አትንኩት። ባለቤቱ ቢለምንም፣ ቢቆጣም። አየርና ጋዝ ሲታመቅ እንደ ፈንጂ ነው፤ ውሃ ግን አይደለም። የውሃ ፓምፕ ቤት ቢለቅ ይረጫል፣ ያረጥባል፣ ያበሳጫል። ሰው አይገድልም። ስለዚህ ፓምፕ መማሪያ ይሆናል።

ከፓምፕ ውስጥም ቢሆን ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ክፍል ለሁለት ከተከፈለ፣ ወይም ስንጥቁ ሦስትና አራት ቅርንጫፍ ካወጣ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ ቤት መፈለግ ይሻላል። ይህን ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት። ገንዘቡን ተቀብሎ ከማፈር አስቀድሞ መናገር።

ሳታጥቡት እዩት

አብዛኛው ሰው የመጣውን ዕቃ ወዲያው ያጥባል። ተዉት። ቆሻሻው ይናገራል። የዝገቱ መስመር ውሃው ከየት ጀምሮ እንደለቀቀ ያሳያል። ስንጥቁ ውስጡ ድረስ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ከሆነ የቆየ ነው፣ ጠርዙ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የትናንት ነው። ከቡሎን ቀዳዳ ከተነሳ አጥብቆ የማሰር ጉዳይ ነው። ከእግሩ ከተነሳ መሠረቱ ላይ ያለ ችግር ነው። በሞባይል ፎቶ አንሱ፣ ከአራት በኩል።

ቆሻሻን ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ የሚባል የኑክሌር ማመንጫ አለ። የሪአክተሩ ክዳን 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር ብረት ነው። ክዳኑን በስተው የሚያልፉ ቱቦዎች አሉ፤ ሪአክተሩን የሚቆጣጠሩት ዘንጎች የሚወጡ የሚወርዱት በእነሱ ውስጥ ነው። ከቱቦዎቹ አንዱ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ በኩል ቦሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ጥቂት በጥቂት ወጣ። ውሃው ተነነ፣ አሲዱ ቀረ፣ ብረቱን በላው። ምልክት አልጠፋም ነበር። ክዳኑ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ክምችት ታይቷል። የአየር ማጣሪያዎች በዝገት ብናኝ ቶሎ ቶሎ ይደፈኑ ነበር። ማጣሪያው ይቀየራል፣ ሥራው ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 ሲመረመር ብረቱ ከላይ እስከ ታች ተበልቶ ተገኘ። ግፊቱን ይዞ የቀረው ከውስጥ የተለበጠው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የማይዝግ ብረት ብቻ ነበር። ማመንጫው ሁለት ዓመት ቆመ።

ያ ሪአክተር ውስጥ ያለው ግፊት 150 ባር ያልፋል። ውሃን 1,500 ሜትር ሽቅብ መግፋት ማለት ነው። የእኛ ፓምፕ 30 ሜትር ቢገፋ ነው። ግን ዝገቱ የሚናገረው ቋንቋ አንድ ነው።

ለምን ተሰነጠቀ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ። ሌላውን ሁሉ አሳምራችሁ ይህን ብትዘሉ ሥራው ከንቱ ነው።

የሪአክተር ሰዎች ዝገትና ውጥረት አንድ ላይ ሆነው የሚያመጡትን ስንጥቅ በሦስት ነገር ያስረዱታል። ለስንጥቅ የሚመች ብረት፣ ብረቱን የሚስብ ኃይል፣ ብረቱን የሚያገኘው ፈሳሽ። ሦስቱ ሲገናኙ ይሰነጠቃል። ከሦስቱ አንዱን ብታነሱ ስንጥቁ ይቆማል። ፈረንሳይ ውስጥ ቢዤ 3 የሚባለው ሪአክተር ክዳን ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዲህ ያለ ስንጥቅ በውሃ ግፊት ሙከራ ተገኘ። ቱቦው የተሠራው ከ70 ከመቶ በላይ ኒኬል ካለው ቅይጥ ነበር። በኋላ ብዙ ማመንጫዎች ክዳኑን እንዳለ ቀየሩት። አዲሱ ቱቦ 30 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም ካለው ቅይጥ ተሠራ። ማለትም ስንጥቁን ደፍነው ብቻ አልሄዱም። ለስንጥቅ የሚመቸውን ብረት አስወጡት።

እኛ ጋ ብረቱን መቀየር አይቻል ይሆናል። የሚስበውን ኃይል ግን ማንሳት እንችላለን። እኔ ያየኋቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ የቱቦ ክብደት ነው። ሦስት ኢንች የብረት ቱቦ፣ ውሃ ሞልቶት፣ ምንም ድጋፍ ሳይኖረው የፓምፑ ፍላንጅ (ቱቦው በቡሎን የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ከንፈር) ላይ ይንጠለጠላል። ፓምፑ ውሃ እንዲገፋ እንጂ ቱቦ እንዲሸከም አልተሠራም።

ሁለተኛው እግሩ ነው። የፓምፑ አራት እግሮች ኮንክሪቱ ላይ እኩል አያርፉም። አንዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ ሰውየው ቡሎኑን አጥብቆ በጉልበት ያስተኛዋል። ጊዛ ደግሞ አይታጠፍም። ዛሬ ዝም ይላል፣ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው መብራት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሽቅብ እየሄደ የነበረው ውሃ ተመልሶ ፓምፑን ይመታል። የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ምቱ ቀጥታ የፓምፑ ቤት ላይ ያርፋል። ኢምፔለር (ውሃውን እየዞረ የሚገፋው ክንፍ) ውስጥ የገባ ጠጠርና የተበላ ኩሽኔታም አሉ። እነሱ በድምፅ ይታወቃሉ።

ባለቤቱን ጠይቁት። «ሲሰነጠቅ ምን ሰማህ? መብራት ሄዶ ነበር? ቱቦ ቀይራችሁ ነበር?» ቁጭ ብላችሁ፣ ቡና እየጠጣችሁ። የአምስት ደቂቃ ጨዋታ የአንድ ቀን ብየዳ ያድናል።

መፍታትና ማጽዳት

ሞተሩን ከመብራት አላቅቁ። ውሃውን አፍስሱ። ኢምፔለሩን፣ ሲሉን (በዘንጉ በኩል ውሃ እንዳይወጣ የሚያግደውን)፣ ኩሽኔታውን፣ ጓርኒሲዮኑን (በመጋጠሚያ መሐል የሚገባውን ማሸጊያ) አውጡ። የፍላንጆቹን አቀማመጥ ሳትፈቱ በሹል ብረት ምልክት አድርጉ፤ ስትገጥሙ ትመሰግኑኛላችሁ።

ጊዛ ዘይት ይጠጣል። ላዩን በብረት ብሩሽ፣ ውስጡን በፍል ውሃና በሳሙና እጠቡ። ከዚያ በስንጥቁ ዙሪያ በጋዝ እሳት ቀስ አድርጋችሁ አሙቁ። ጭስ ይወጣል። ጥረጉ፣ ደግማችሁ አሙቁ፣ ጭሱ እስኪያቆም። ጭስ እየወጣ የተበየደ ጊዛ ወንፊት ይሆናል። የፍሬን ማጽጃ እስፕሬይ ግን አትጠቀሙ። አንዳንዱ ክሎሪን አለበት፤ የብየዳ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ይሆናል።

የስንጥቁን ጫፍ ፍለጋ

ሪአክተር ላይ ይህን የሚሠሩት በድምፅ ሞገድ፣ በኤሌክትሪክ ፍተሻና ስንጥቅ ውስጥ በሚሰርግ ቀለም ነው። ጨረሩ ሰው ስለማያስጠጋ ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን ሮቦት ይዞት ይገባል። የቀለሙን ዘዴ እኛም እንችላለን። የሚያስፈልገው ላምባና ጠመኔ ነው።

ቦታውን አድርቁ። ስንጥቁንና ዙሪያውን በላምባ አርሱት። ሃያ ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ድርቅ አድርጋችሁ ጥረጉ። ጠመኔ ፈጭታችሁ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱበት ወይም በአልኮል በጥብጣችሁ ቀቡት። ጠብቁ።

አምና አንድ ሐጂ ፓምፕ በባጃጅ ጭነው መጡ። «ልጄ፣ እሸቱ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ቶሎ በልልኝ» አሉኝ። ስንጥቁ በዓይን የምትታይ አንድ ጣት ታህል ነበር። ተለማማጄ ማሽኑን ሊያስነሳ ነው። ቆይ አልኩት። ላምባ ቀባን፣ ጠረግን፣ ጠመኔ ነሰነስን። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ነጩ ላይ መጀመሪያ አንዲት ጭረት ጠቆረች። ከዚያ ጭረቷ መሄድ ጀመረች። ክር በዘይት ሲነከር እንደሚጠቁር፣ ቀስ እያለች ከፍላንጁ ስር ገባች፣ በሌላ በኩል ወጣች፣ ከቡሎኑ ቀዳዳ ጥግ ቆመች። አንድ ጣት ያልነው አምስት ጣት ሆነ። ሐጂም አዩት። ከዚያ በኋላ ቶሎ በል አላሉኝም።

ጫፎቹን ሁለቱንም በሹል ብረት ምልክት አድርጉ። ጠመኔው ሲጠረግ ይጠፋችኋል። ላምባውን በሳሙና እጠቡ፣ አሙቁ፣ አድርቁ። ላምባ ያለበትን ዕቃ መበየድ እሳት መጥራት ነው።

ብረቱን ለዩ

ግራይንደር አስነኩት። ፍንጣሪው አጭርና ቀላ ያለ ከሆነ ጊዛ ነው። ረጅም፣ ቢጫና ደማቅ ከሆነ ተራ ብረት ነው። በድሪልም ይታወቃል። የጊዛ ፍርፋሪ ዱቄት ነው፤ የብረት ፍርፋሪ ይጠቀለላል።

ልዩነቱ ካርቦን ላይ ነው። ጊዛ ውስጥ ከ2.5 እስከ 4 ከመቶ ካርቦን አለ። ተራ ብረት ውስጥ ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም። በተራ ኤሌክትሮድ ጊዛን ስትበይዱ ካርቦኑ ወደ ብየዳው ይገባል። ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ይደርቃል። ሞረድ አይነካውም፣ ድሪል አይበላውም፣ ከጎኑ ደግሞ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። የሐጂ ፓምፕም ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ቦታ በተራ ኤሌክትሮድ ተበይዶ ነበር። አዲሱ ስንጥቅ የሄደው ልክ በብየዳው ጠርዝ ነው። እንዲህ ያለ የቆየ ብየዳ ካገኛችሁ ሙሉውን ፈልፍላችሁ አውጡት። በላዩ ላይ አትደርቡ።

ጫፉን ብሱ፣ መስመሩን ክፈቱ

ከእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊ አለፍ ብላችሁ በ4 ወይም በ5 ሚሊ ድሪል ብሱ። ሹል የነበረው የስንጥቅ ጫፍ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይበተናል። ሙቀት ሲያገኘው ወደፊት አይሮጥም። ይህን ሳታደርጉ ብየዳ ከጀመራችሁ አንድ ቀን «ጭው» የሚል ስስ ድምፅ ትሰማላችሁ። ስንጥቁ ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ መስመሩን በቪ ቅርጽ ክፈቱ። የሁለቱ ግድግዳ አንግል ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ይሁን። ግድግዳው 10 ሚሊ ከሆነ 7 ወይም 8 ሚሊ ጥለቁ። በግራይንደር ከከፈታችሁ መጨረሻውን በሞረድ አድርጉት። የግራይንደር ድንጋይ የጊዛውን ግራፋይት ላዩ ላይ ይለቀልቀዋል፤ ብየዳው አልይዝ ይላል። ስንጥቁ መሐል ላይ እንደ ፀጉር እየታየ መሄዱን ሳታቋርጡ ተከተሉት። ከጠፋባችሁ ላምባና ጠመኔ ድገሙ።

በምን እንሥራው?

ሦስት መንገድ አለ።

በኒኬል ኤሌክትሮድ ማገጣጠም የመጀመሪያው ነው። ንጹሕ ኒኬል የሚባለው ለስላሳ ብየዳ ይሰጣል፤ በቶርኖም በሞረድም ይሠራል። ግማሹ ኒኬል ግማሹ ብረት የሆነው ደግሞ ጠንከር ይላል፣ ለወፍራም ዕቃ ይመቻል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ዋጋው ለሁለቱም ውድ ነው። በቁራጭ ስለሚሸጥ የሚያስፈልጋችሁን ቆጥራችሁ ግዙ። እርጥበት የያዘ ከሆነ ምድጃ አጠገብ አድርቁት። ጅማ በክረምት ሁሉን ነገር ያረጥባል።

በነሐስ ዘንግና በጋዝ መለበጥ ሁለተኛው ነው። ጊዛው አይቀልጥም፣ ፍም መስሎ ሲቀላ ነሐሱ ተደርቦ ይይዛል። ለስስ ዕቃ አሪፍ ነው። ዘይት ጠጥቶ ለኖረ ጊዛ ግን አይሆንም፣ አይጣበቅም።

ሦስተኛው ያለ እሳት መስፋት ነው። ስንጥቁን ተከትሎ ቀዳዳ ይበሳል፣ ጥርስ ይወጣለታል፣ ቡሎን ይገባል፣ የተረፈው ይቆረጣል። ቀጣዩ ቀዳዳ የቀደመውን ቡሎን በከፊል እየነካ ይሄዳል። በላዩ ስንጥቁን የሚሻገር የብረት ማያያዣ ይቀበራል። ሙቀት የለም፣ ስለዚህ መጣመም የለም። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ለትልቅና ለወፍራም ቤት እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ሪአክተር ላይም ተመሳሳይ ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአንዳንድ ውሃ አፍሊ ሪአክተሮች ውስጥ የነዳጁን ክፍል የሚከበው ትልቅ የብረት ሲሊንደር ብየዳው ላይ ተሰነጠቀ። በአንዳንዶቹ ስንጥቁን አልበየዱትም። ከላይ እስከ ታች በረጃጅም የብረት ዘንግ አሰሩት። ስንጥቁ እዚያው አለ፤ የሚይዘው ግን ዘንጉ ነው።

ብየዳው፣ እጅ እያስነኩ

ለሐጂ ፓምፕ የተጠቀምነው ኒኬሉን ነው። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ማሽኑን ዝቅ አድርጉ። ለ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ55 እስከ 80 አምፔር ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈ ካለ እሱን ተከተሉ። ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ መሐል ኑ። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ በይዱ። አቁሙ። ብየዳው ገና ትኩስ እያለ ጫፉ ክብ በሆነ ትንሽ መዶሻ ቶሎ ቶሎ፣ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት። መዶሻው ለምን? ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ጊዛውን ይስበዋል። ስትመቱት ይንጠፈጠፋል፣ መሳቡ ይቀንሳል። ጊዛ የሚሞተው ሲሳብ ነው።

ከዚያ ጠብቁ። የእጃችሁን ጀርባ ብየዳው አጠገብ አስጠጉ። ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ገና ነው። አምስት እስክትቆጥሩ ካስቻላችሁ ቀጥሉ። ቀጣዩን ቁራጭ ከዚያው አታስከትሉ፤ ራቅ ብላችሁ ሌላ ቦታ ጀምሩ። ስላጉን (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) በብሩሽ አጽዱ። ይህ የአንድ መዳፍ ስንጥቅ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ውሃ አፍስሶ ማቀዝቀዝ፣ በአየር መንፋት፣ ደጅ ነፋስ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው።

ሪአክተር ላይ ወፍራም ብረት ከበየዱ በኋላ እንዳለ ማሞቅ አይቻልም። ያን የሚያህል ዕቃ የሚገባበት እቶን የለም። ስለዚህ ብየዳውን በመደዳ ይደራርቡታል፤ የሁለተኛው መደዳ ሙቀት በመጀመሪያው የደረቀውን ብረት መልሶ ያለሰልሰዋል። ሙቀቱም መደዳውም በጥንቃቄ የተሰላ ነው። እኛም ቪው ጥልቅ ከሆነ በላይ በላይ ሁለት ሦስት ስስ መደዳ እንሠራለን፤ በአንድ ወፍራም መደዳ አንሞላም።

ስትጨርሱ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩት። ከጎረቤት እንጀራ ጋጋሪ አንድ ጆንያ አመድ ጠይቁ፣ አይነፍጓችሁም። አመዱ ፍጹም ደረቅ ይሁን። ሌሊቱን እዚያው ይደር። ሐጂ ያን ሌሊት እሸቱን ወደ ጎረቤት ማጠቢያ አዛወሩ እንጂ አልቸኮሉም።

ጭሱን አትተንፍሱት። የኒኬል ጭስ ለሳንባ ክፉ ነው። በሩን ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ፣ ነፋሱ ጭሱን ከእናንተ በሚያርቅበት በኩል ቁሙ።

ሳትፈትኑ አታስረክቡ

ጠዋት አውጥታችሁ እንደገና ላምባና ጠመኔ። በብየዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በጎኑም። አዲስ ስንጥቅ ካለ የሚወጣው በጎን ነው።

ከዚያ የፍላንጁን ፊት እዩ። ቀጥ ያለ ብረት ወይም ወፍራም መስታወት አስቀምጡበትና ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ካለ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። የተጣመመ ፍላንጅ በጓርኒሲዮን አይስተካከልም።

ቀጥሎ የውሃ ግፊት። ቀዳዳዎቹን በላሜራና በጓርኒሲዮን ዝጉ። ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ትታችሁ ውሃ ሙሉበት፤ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ከዚያ በእጅ ፓምፕ ግፊቱን ቀስ አድርጋችሁ አምጡ። በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ብላችሁ አስሉ። ፓምፑ 30 ሜትር የሚገፋ ከሆነ ሥራው 3 ባር ነው፤ እስከ 4.5 ባር ድረስ ፈትኑት። ልብ በሉ፣ የመውጫ ቫልቩ ተዘግቶ ፓምፑ ሲዞር ግፊቱ ከዚህ ይበልጣል። የፓምፑ ሰሌዳ ላይ ከፍተኛው ከፍታ ከተጻፈ ስሌቱን በዚያ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በደረቅ ጨርቅ ዳስሱት። መርፌው ከወረደ ወይም ጨርቁ ከረጠበ ተመለሱ። በአየር ግፊት ፈጽሞ አትፈትኑ።

ቦታው ላይ መግጠም

ብየዳ ቤት ቁጭ ብሎ ማስረከብ ግማሽ ሥራ ነው። እኛ ከሐጂ ጋር ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ማጠቢያቸው ድረስ ሄድን። የጠበቅነው ነገር እዚያ ነበር። የብረቱ ቱቦ በምንም ሳይደገፍ ከፓምፑ ላይ ተነስቶ ወደ ታንከሩ ይወጣል። አንዱ የፓምፕ እግር ስር እንጨት ተወትፏል። እንጨቱ በስብሷል።

ቱቦው ፓምፑ ላይ ሳይደገፍ በራሱ እግር እንዲቆም አድርጉ። ከመሬት የተነሳ የአንግል ብረት ድጋፍ፣ ከፓምፑ አንድ ሜትር ሳይርቅ። ፈተናው ቀላል ነው። የፍላንጁን ቡሎኖች ስትፈቱ ቱቦው ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከወረደ ወይም ወደ ጎን ከሄደ ፓምፑ ተሸክሞት ነበር።

እግሮቹን ሳታጠብቁ አስቀምጡና በየተራ ቀጭን ላሜራ ከስር ሞክሩ። ላሜራ የሚገባበት እግር ተንጠልጥሏል። ክፍተቱን በልኩ በተቆረጠ ላሜራ ሙሉት፣ ከዚያ እሰሩ። እንጨት አይሆንም። ጎማም አይሆንም። የፍላንጁን ቡሎኖች በአንድ ዙር አታጥብቁ። አንዱን ካሰራችሁ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ቀስ በቀስ፣ በሦስት ዙር። የማይመልሰውን ቫልቭ ፈትታችሁ መዝጋቱን እዩ።

ከዚያ በኋላ

ብየዳውንና በዙሪያው ያለውን ቦታ ነጭ ቀለም ቀቡ። በሁለቱ ጫፎች ላይ በቋሚ ማርከር መስመር አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉ። ነጭ ቀለም ላይ ላብ የምታህል እርጥበት እንኳ ቡናማ መስመር ትሠራለች፤ ጥበቃው ሳይቀር ያያታል። በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ በሳምንቱ፣ ከዚያ የለቀማው ወቅት እስኪያልቅ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ። ፎቶ ይነሳ፣ ከተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ርቀት። የሐጂ ማጠቢያ ጥበቃ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ፎቶ ሲልክልኝ ነበር። ማርከሩ እንዳለ፣ ቀለሙ ነጭ እንደሆነ።

ወቅቱ ሲያልቅ ውሃውን ከፓምፑ ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፣ ውስጡን አድርቁ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ ሙሉ፣ በእጅ አዙራችሁ ሸፍኑት። በሚቀጥለው መስከረም፣ ለቀማው ሳይጀመር፣ ላምባና ጠመኔውን አንድ ጊዜ ድገሙ።